ዝም ያለው ተማሪ

ፋይሉን በኤክሴል ልከፍተው ሞከርኩ። ላፕቶፔ ትንሽ ሲያቃስት ቆየና አንድ ማሳሰቢያ አወጣ፤ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ አልተጫነም አለኝ። አልዋሸም። ኤክሴል በአንድ ገጽ የሚሸከመው 1,048,576 ረድፍ ሲሆን እኔ የጫንኩበት ፋይል 10,655,280 ረድፍ አለው። ዓይኔ ሥር የገባው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም።

የገባውም ቢሆን የሚያጓጓ ነገር አይደለም፤ ስድስት ዓምድ ሙሉ ኮድና ቁጥር ነው። ኮርሱ፣ ኮርሱ የተሰጠበት ዙር፣ የተማሪው መለያ፣ የተከፈተው ገጽ፣ ቀኑ፣ በዚያ ቀን ስንት ክሊክ እንደተደረገ። ስምም ፎቶም የለም። ቀኑ እንኳ መስከረም፣ ጥቅምት እየተባለ አይጻፍም። ትምህርቱ የተጀመረበት ዕለት ዜሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ቀን የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል። ከቁጥሩ በፊት ሰረዝ ያለበት ረድፍ ማለት ኮርሱ ሳይጀመር ገብቶ ገጾቹን ያገላበጠ ሰው ማለት ነው። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ነሐሴ ላይ ደብተሩን በጋዜጣ ለብዶ የሚጠብቅ ልጅ በየሰፈሩ ነበር።

አንዱን መለያ ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። መጀመሪያ በየቀኑ አለ። ከዚያ በየሦስትና በየአራት ቀኑ፤ ከዚያም አንድ ሳምንት ተዘለለ። በመጨረሻ መለያው ጠፋና የሌላ ሰው ቁጥር ተከተለ። የመጨረሻው ረድፍ ከቀደሙት በምንም አይለይም። ሰውየው ታመመ፣ ሥራ አገኘ፣ ተፋታ ወይስ ሰለቸው፣ ፋይሉ አይናገርም።

ዳታው የእንግሊዙ የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱን ሚልተን ኪንስ ያደረገው ይህ ተቋም ተማሪዎቹን በርቀት ያስተምራል። የርቀት ትምህርትን ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ሞጁሉን በፌስታል አንጠልጥሎ ቅዳሜ ጠዋት ለቱቶሪያል የሚሰለፍ ሰው ያላየ የለም። በርቀት ትምህርት መምህሩ የተማሪውን ፊት አያይም። ክፍል ውስጥ ቢሆን የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋውን፣ ሦስት ቀን የቀረውን፣ ዓይኑ ቀልቶ የገባውን ይለያል። በርቀት የሚያየው አሳይመንት ብቻ ነው፤ አሳይመንቱ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ከሄደ ቆይቷል። ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ግን አዲስ ነገር ተገኘ። ተማሪው የረገጠው ገጽ ሁሉ ዱካ ይተዋል።

ያኩብ ኩዚሌክ፣ ማርቲን ህሎስታ እና ዝደኔክ ዝድራሃል የተባሉ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ይህን ዱካ ከስምና ከአድራሻ አጽድተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዓለም አስተዋወቁት። የ2013 እና የ2014 ዙሮችን፣ ሰባት ኮርሶችንና 32,593 ምዝገባዎችን ይዟል። እንዲህ ያለ ዱካ የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ፣ እኛም አገር ያለው ጭምር፣ ሊሞክርባቸው ከሚችላቸው ዋና ዋና ክፍት ዳታዎች አንዱ ይህ ነው። ከምዝገባዎቹ 12,361 በማለፍ፣ 3,024 በከፍተኛ ማዕረግ፣ 7,052 በመውደቅ፣ 10,156 ደግሞ በማቋረጥ ተጠናቀዋል። ከሦስት ምዝገባ አንዱ ገደማ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ጥያቄውም ከዚህ ይነሳል። መንገድ ላይ የሚቀረውን ሰው ሳይቀር በፊት ማወቅ ይቻላል ወይ?

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ የበሬ ገበያ ነው። ብዙ በሬ ገዝቶ የሸጠ ገበሬ መጀመሪያ ጥርስ ያያል። ጥርሱ ካላማረው ይተዋል፤ ካማረው ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ከዚያ ያስኬደዋል። በየደረጃው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ በመልሱ ይወሰናል። ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም፤ ያረሱትንና የለገሙትን በሬዎች አስታውሶ ነው። ኮምፒውተሩም መጨረሻቸው የታወቀ ያለፉ ዓመታት ተማሪዎች ይሰጡታል፤ የትኛው ጥያቄ ያለፉትን ካቋረጡት በደንብ እንደሚለይ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ይህ አንዱ ዘዴ ነው። ሌላው ጎረቤት መፈለግ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ልክ እንዳንተ ዓይነት ዱካ የነበራቸውን የአምና ተማሪዎች ለቅሞ፣ «እነዚህ ምን ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ። የኦፕን ዩኒቨርሲቲው ሥርዓት፣ ስሙ ኦዩ አናላይዝ ነው፣ እንዲህ ያሉ በርካታ ዘዴዎችን አንድ ላይ ያሠራል። በየሳምንቱ የሚተነብየው ነገርም የሕይወት ዕጣ አይደለም። ተማሪው ቀጣዩን አሳይመንት ያስገባል ወይስ አያስገባም፣ ይኸው ነው። የመጀመሪያውን አሳይመንት ያላስገባ ተማሪ ኮርሱን የመጨረስ ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑ ከዳታው ወለል ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገምተው ብዙ የነካካ ያልፋል፣ ጥቂት የነካካ ይወድቃል ብሎ ነው። እኔም እንዲሁ ገምቼ ነበር። አኒካ ዎልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ግን ነገሩን ወደ ሌላ አዞረው። ቁርጥ ያለ የክሊክ መጠን የለም። በሳምንት ሁለቴ ገብቶ የሚያልፍ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ተጥዶ የሚወድቅም አለ። የሚያሳስበው ሰውየው ከራሱ ልማድ ሲወጣ ነው፤ በየቀኑ ይገባ የነበረው ድንገት ሲቀር። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያስበውም እንዲሁ አይደል? ሁልጊዜ በሯ ዝግ የሆነ ሴት ዝግ መሆኗ ማንንም አያስደነግጥም። በየማለዳው ደጇን የምትጠርገዋ አንድ ቀን ሳትወጣ ስትውል ነው በሩ የሚንኳኳው።

በዚህ ርዕስ የሚወጡ ጽሑፎችን ሲያነቡ ግን አንድ ማታለያ ልብ ማለት ይገባል። ብዙዎቹ ሞዴላችን ከዘጠና በመቶ በላይ ትክክል ነው ብለው ይጀምራሉ። ውስጡ ሲገባ የሰበሰቡት የኮርሱን ሙሉ ክሊክ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው። ያቋረጠ ተማሪ ካቋረጠ በኋላ ክሊክ አያደርግም፤ ስለዚህ በአሥረኛው ሳምንት ዜሮ መሆኑን አይቶ ያቋርጣል ብሎ መተንበይ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ትንቢት የሚጠቅመው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ደግሞ ማስረጃው ጥቂት ስለሆነ ስህተቱ ብዙ ነው። በጊዜ ከተናገርክ ትሳሳታለህ፤ ሳትሳሳት ልናገር ካልክ ይመሽብሃል። ማንም ሞዴል ከዚህ አላመለጠም።

ዘጠና በመቶ ራሱ ምን ማለት ነው? መቶ ተማሪ አለ እንበል፤ አሥሩ ያቋርጣሉ። አንድ ሰነፍ ሞዴል ሁሉም ያልፋሉ ብሎ ቢተኛ ዘጠና በመቶ ትክክል ነው። አንድም ሰው ግን አላዳነም። መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ሞዴሉ ያቋርጣሉ ብሎ ከጠቆማቸው ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ችግር ላይ ነበሩ? ችግር ላይ ከነበሩት ውስጥስ ስንቱን አየ? ሶፍትዌር ሻጭ ሲመጣ እነዚህን ሁለቱን ጠይቁት፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ማንነቱ ይታወቃል።

አሜሪካኖቹ ይህን መንገድ ቀድመው ሄደውበታል። ኢንዲያና የሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሲግናልስ በሚባል ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተማሪ የትራፊክ መብራት ሰጠ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኪምበርሊ አርኖልድና ማቲው ፒስቲሊ ሥርዓቱ ያለባቸውን ሁለትና ከዚያ በላይ ኮርሶች የወሰዱ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመቆየት ዕድላቸው በጣም ከፍ እንደሚል አሳተሙ። ወሬው በየአገሩ ተናኘ። በዓመቱ ማይክ ኮልፊልድና አልፍሬድ ኤሳ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ። በመጀመሪያው ዓመት የወጣ ተማሪ ሁለተኛ ኮርስ የመውሰድ ዕድል የት አገኘ? ብዙ የፋሲካ በዓል ያከበሩ ሰዎች ዕድሜያቸው ረጅም ሆኖ ይገኛል፤ በዓል ማክበር ግን ዕድሜ አይቀጥልም። ተማሪዎቹ ብዙ ኮርስ የወሰዱት ስለቆዩ ነበር።

ከዚህ የከፋው የደረሰው ሜሪላንድ በሚገኝ ማውንት ሴንት ሜሪስ በሚባል የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጉዳዩ በክሊክ ሳይሆን በመጠይቅ የተሠራ ቢሆንም ትንበያ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። ፕሬዚዳንቱ ሳይመን ኒውማን አዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለ ስሜታቸውና ስለ ኑሯቸው መጠይቅ እንዲሞሉ አደረጉ። በውስጥ የታሰበው ደካማ የሚመስሉትን ከ20 እስከ 25 የሚሆኑ ተማሪዎች ለይቶ፣ የተመዝጋቢው ቁጥር ለመንግሥት ሪፖርት ከመደረጉ በፊት እንዲወጡ ማድረግ ነበር። ቀድመው ከወጡ አይቆጠሩም፤ የዩኒቨርሲቲው የተማሪ ማቆየት መጠን ያምራል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ጉዳዩን አወጣው። ፕሬዚዳንቱ ለመምህራን ሲያስረዱ ተማሪዎቹን ውኃ ውስጥ ሊሰጥሙ ከሚገባቸው የጥንቸል ግልገሎች ጋር ማመሳሰላቸውም አብሮ ወጣ። የካቲት ሳያልቅ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በእኔ ዕይታ ልዩነቱ ሞዴሉ ላይ አይደለም። ያው መጠይቅ፣ ያው ዝርዝር በአማካሪ እጅ ቢገባ ልጆቹን ለማቆየት ይውል ነበር። አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ800 በላይ ምልክቶችን በየዕለቱ የሚከታተል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምር፣ አብዛኞቹ ከውጤትና ከኮርስ ምርጫ የተወሰዱ ናቸው፣ ከሶፍትዌሩ ጎን ከ40 በላይ አዳዲስ አማካሪዎች ቀጠረ። ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሎበት ምዝገባው ሊሰረዝ ለደረሰ ተማሪም ያንን የሚሞላ ትንሽ ድጎማ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2003 ላይ 32 በመቶ የነበረው የምረቃ መጠን ወደ 54 በመቶ ወጣ። ለዚህ ሶፍትዌሩን ብቻ የሚያመሰግኑ ሰዎች አሉ። እኔ የአማካሪዎቹን ደመወዝ የፈቀደውን ሰው አመሰግናለሁ። የኦፕን ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶቴያ ሄሮዶቱና ባልደረቦቿ ያገኙትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ውጤት የተሻሻለው መምህራኑ የኦዩ አናላይዝን ማሳያ ገጽ ከፍተው በተጠቀሙበት መጠን ነው፤ ብዙ መምህራን ግን ወይ አይከፍቱትም፣ ወይ ከፍተው ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ዓመት ቢሮው ሄጄ ሙድል የሚባለውን የኢንተርኔት መማሪያ ገጹን ከፍቶ አሳየኝ። የአንዷ ተማሪ ዝርዝር ገጹን ሞልቶ ይወርዳል፤ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ። ከሥሯ ያለው ልጅ ደግሞ አንድ ምሽት ብቻ ገብቷል፤ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ፋይል አውርዶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የለም።

«የቱ ይወድቃል?» አለኝ።

ልጁን ጠቆምኩ።

ሳቀብኝ። «ይኼ የዶርሙ ዳታ ሴንተር ነው። ዋይፋዩ ማታ ላይብረሪ አካባቢ ደህና ነው። አንዴ ገብቶ ያወርድና ለሁሉም በዜንደር ያድላል፤ የቀረውን ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ኤ ነው ያመጣው።»

ከዚያ ልጅ ሀንድአውቱን የተቀበሉ የዶርም ጓደኞቹ በሙድል ዓይን ሞተዋል፤ አንድም ክሊክ የላቸውም። ያቺ በየሰዓቱ የምትገባዋ ደግሞ፣ አለ ጓደኛዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆረጠባት አንዱን ቪዲዮ ደጋግማ የምትከፍት ናት። ሚልተን ኪንስ ላይ የተማረ ሞዴል አምጥተን እዚህ ብንተክለው ብርቱውን ቀይ፣ የተቸገረችውን አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። ሞዴሉ ተሳስቶ አይደለም። የተማረው ክሊክ ማለት ጥናት ከሆነበት አገር ነው። እዚህ ጥናት ያለው ቴሌግራም ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ላይ፣ በአንድ ስልክ ዙሪያ በተኮለኮሉ አራት ራሶች መካከል ነው።

የሚገርመው ይህን ራሱ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ያውቃል። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ማሻሻያ ሥልጠና 13 ሞጁሎች ሲያዘጋጅ ያሳተመው በወረቀት ነው። ጤና ኬላ ላይ ሆና በዚያ ሞጁል የተማረች እህት አንድም ክሊክ አልተመዘገበላትም። ተምራለች ግን።

ከዚህ ሌላ የዝምታ ምክንያት አለን፤ እርሱ የተማሪው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቷል። አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቷል። ከብሔራዊ ፈተና ጋር ተያይዞ የተዘጋበትን ጊዜ ሳንቆጥር። በእነዚያ ወራት ጎንደር ወይም ደሴ የነበረ ተማሪ ከልማዱ ወጥቷል፤ በአንዴ፣ እንደ አንድ ሰው፣ ሁሉም። ዎልፍ ያገኘችው ምልክት ይህ ነው፤ ትርጉሙ ግን ፍጹም ሌላ ነው። ማሽኑ ተማሪው መጥፋቱን እንጂ ኔትወርኩ መጥፋቱን አያውቅም፤ ካልነገሩት በቀር። የሚነግረው ሰው ደግሞ ሥርዓቱ ሲሠራ አብሮ መቀመጥ አለበት።

ይህን የምለው ነገሩ ይቅርብን ለማለት አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ታጭቆ በሚማርበት፣ መምህር የተማሪውን ስም ሳያውቅ ሴሚስተር በሚያልቅበት አገር፣ ማን ዝም እንዳለ የሚጠቁም ነገር ቅንጦት አይሆንም። ግን የእኛ ዳታ የእኛ ይሁን። የአሳይመንት መግባት፣ የመከታተያ ፊርማ፣ የሚድ ውጤት፣ የካፌና የዶርም ሁኔታ ከክሊክ ይልቅ ይናገራሉ፤ አብዛኛው ደግሞ በየዲፓርትመንቱ ወረቀት ላይ ተኝቶ አለ። ተማሪውም ስለ እርሱ ምን እንደሚሰበሰብና ለምን እንደሚውል ይነገረው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ፖሊሲ፣ ተማሪ በሚታየው ዳታው ብቻ አይተረጎምም የሚል መርህ አስፍሯል። እኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። አዋጁ በየሬጅስትራር ቢሮው ገብቶ ስለመነበቡ ግን እጠራጠራለሁ።

የዚያን ዕለት ከጓደኛዬ ቢሮ ልወጣ ስል ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ወዳለ ስም ጠቆመኝ። ከገና በፊት በየቀኑ ይገባ የነበረ ተማሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ። አሳይመንት ባለበት ረድፍ ላይ «አላስገባም» የሚል ጽሑፍ አለ። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አልተነሳም። የዶርም ጓደኛውን ፈልጎ ደወለ።

«መምህር፣ ስልኩ ተሰርቋል እኮ» አለው ልጁ። «እዚሁ ነው ያለው። ከእኔ ደብተር ላይ እየገለበጠ ነው የሚያጠናው። አሳይመንቱን ሠርቶታል፤ በምን ያስገባ?»

«በወረቀት ይዞ ይምጣ በለው። ነገ ጠዋት።»

በማግስቱ አራት ገጽ፣ በሁለት ዓይነት ቀለም የተጻፈ፣ በቢሮው በር ሥር ሾልኮ ገብቶ ተገኘ። ጓደኛዬ አርሞ ውጤቱን በማርክ ሊስቱ ላይ ሞላው። ሙድል ላይ ግን እስከ ዛሬ አላስገባም ይላል።